ዓይኗ ግንባር ሆኖ የማይቀረው ኒውት

ሐበሻ ሰው አላምን ሲለው ዓይኑን ያስይዛል። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ይላል። መሐላው የሚከብደው የጠፋ ዓይን ስለማይመለስ ነው። ግንባር ከሆነ ግንባር ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ይህ መሐላ የማያስፈራት እንስሳ አለች። ኒውት ትባላለች። የዓይኗን ሌንስ ቢያወጡባት በወር ገደማ ሌላ ትሠራለች። ብርሃን የሚቀበለውን የዓይኗን ንጣፍ፣ ሬቲናዋን፣ ቢያነሱባት ወራት ፈጅታ መልሳ ትገነባዋለች። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ቢቆረጥባት እንደገና ያድጋል፤ እሷም መልሳ ታያለች።

ስለ እሷ የሚያወሩ ቪዲዮዎች በየጊዜው ይዞራሉ። «ሳይንቲስቶች ዓይን የሚያበቅል እንስሳ አገኙ» የሚል ርዕስ ይለጠፍባቸዋል። ከሥር «መድኃኒቱ የት ይሸጣል?» የሚል አስተያየት ይደረደራል። እኔም አንዱን ለአክስቴ አሳየኋት። የዓይን ሞራዋን ካስወጣች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ስልኩን አስጠግታ አየችና «እኔ ፕላስቲክ ተገጥሞልኝ፣ ይቺ እንሽላሊት እንደ ጎመን ታበቅላለች?» አለችኝ።

እንሽላሊት ካለችው በቀር ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ ነው።

እንሽላሊት ካልሆነች ምንድን ናት?

ኒውት የእንቁራሪትና የጉርጥ ዘመድ ናት። እንደ እነሱ በውሃም በየብስም የምትኖር፣ አምፊቢያን ከሚባሉት ወገን ናት። ቅርጿ እንሽላሊት ይመስላል፤ ግን ቆዳዋ ቅርፊት የለውም፣ እርጥብ ነው። እንቁላሏንም ውሃ ውስጥ ትጥላለች። ባለጅራቶቹ አምፊቢያን በአጠቃላይ ሳላማንደር ይባላሉ፤ ኒውት ከእነሱ አንዷ ናት።

አገራችን ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኟትም። እንቁራሪት ሞልቶናል፤ ሌላ ቦታ የሌሉ ዝርያዎችም አሉን። ሳላማንደር ግን ከሰሜን አፍሪካ ዳርቻ ወዲህ የለም። ብዙ ጥናት የተሠራባት ሆዷ ቀይ የሆነው የጃፓኗ ኒውት ናት። መዳፍ ላይ ትቀመጣለች።

«አገኙ» የሚለውም ትክክል አይደለም። ነገሩ ከታወቀ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የስዊዘርላንዱ የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ቦኔት ኒውት የተጎዳ ዓይኗን መልሳ እንደምትሠራ ጽፏል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ዓይኗ ከነሥሩ ከወጣ እሷም አትመልሰውም። መልሳ የምትሠራው ከዓይኑ የተወሰነ ክፍል ሲቀርላት ነው።

ዓይን ውስጥ ምን ምን አለ?

ቶሎ እንለፈው። የሰውም የኒውትም ዓይን አሠራሩ አንድ ዓይነት ነው። ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ መስታወት ኮርኒያ ነው። ከኋላው ቀለም ያለው መጋረጃ አለ፤ አይሪስ ይባላል። የሰው ዓይን ቡናማ ወይም ሰማያዊ የምንለው እሱን አይተን ነው። በመጋረጃው መሃል ያለው ቀዳዳ ብሌን ነው። ከብሌኑ ኋላ ሌንስ አለ፤ ብርሃኑን ይሰበስባል። ከኋላ ግድግዳው ላይ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ንጣፍ አለ፤ እሱ ሬቲና ነው። ከሬቲናው ኋላ ጥቁር ቀለም የተሞሉ ሕዋሳት አንድ ረድፍ ሆነው ሬቲናውን ይቀልቡታል፣ ያጸዱለታል። በመጨረሻ ምስሉን ወደ አንጎል የሚወስድ ገመድ አለ፤ የዓይን ነርቭ።

ብዙ ሰው የዓይን ሞራ ማለት ዓይን ላይ የሚበቅል ስስ ሽፋን ይመስለዋል። አይደለም። ሞራ ራሱ ሌንሱ ሲደፈርስ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ሞራውን አወጣሁ» ሲል የደፈረሰውን ሌንስ አወጣሁ ማለቱ ነው። የአክስቴ ጉዳይና የኒውቷ ጉዳይ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ሌንሳቸው ወጥቷል።

አዲሱ ሌንስ ከየት ይመጣል?

በ1891 ቪንቼንዞ ኮሉቺ የተባለ ጣሊያናዊ፣ በ1895 ደግሞ ጉስታቭ ቮልፍ የተባለ ጀርመናዊ የኒውትን ሌንስ አውጥተው የሚሆነውን ተከታተሉ። ያዩት ነገር ሳይንቲስቱን ሁሉ ግራ አጋባ።

ለምን ቢባል፣ እንስሳው ገና ሽል ሳለ ሌንሱ የሚሠራው ከላይኛው ቆዳ ነው። ቆዳው ወደ ውስጥ ይጎደጉድና ተቆርጦ ሌንስ ይሆናል። ስለዚህ ሌንስ ሲጠፋ አዲሱም ከዚያው ወገን ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። የኒውቷ ሌንስ ግን የመጣው ከአይሪሱ ነው። አይሪስ ደግሞ የሚሠራው ከአንጎል በወጣ ቡቃያ እንጂ ከቆዳ አይደለም። ሥጋ ቤት ተዘግቶ ከዳቦ ቤቱ ሥጋ ቢሸጥላችሁ እንዴት ትደነግጣላችሁ? እንደዚያ ነው የደነገጡት።

ሂደቱ እንዲህ ነው። ሌንሱ በወጣ በቀናት ውስጥ በአይሪሱ የላይኛ ጠርዝ ያሉ ሕዋሳት መለወጥ ይጀምራሉ። እነዚህ ሕዋሳት በጥቁር ቀለም የታጨቁ ናቸው፤ ሥራቸው ብርሃን መጋረድ ነው። መጀመሪያ ቀለማቸውን አውጥተው ይጥላሉ። ቆሻሻ የሚበሉ የመከላከያ ሕዋሳት መጥተው ያንን ቀለም ይለቅሙታል። ከዚያ የቀለሉት ሕዋሳት መባዛት ይጀምራሉ። በ10 ቀን ገደማ ከብሌኑ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ከረጢት ተንጠልጥላ ትታያለች። የከረጢቷ የኋላ ሕዋሳት እየረዘሙ ይሄዳሉ፣ ክሪስታሊን በሚባል ጥርት ያለ ፕሮቲንም ይሞላሉ። ወር ሲሞላት አዲሱ ሌንስ ከአይሪሱ ተላቆ ቦታውን ይይዛል። መጠኑ እስኪሞላ ግን ገና ያድጋል።

ይህን ነገር ደጋግሜ ባስበውም አይሰለቸኝም። ከሰል ሻጭ ልብሱን አጥቦ፣ እጁን ታጥቦ፣ በሳምንቱ መስታወት ሠራተኛ ሆነ እንደ ማለት ነው። በዓይን ውስጥ ብርሃን እንዳያልፍ የሚከለክለው ሕዋስ ነው ብርሃን የሚያሳልፈውን የሚሠራው።

ይህ የሙያ ለውጥ ነው ዋናው ቁም ነገር። በአብዛኛው እንስሳ ውስጥ አንድ ሕዋስ ሙያውን ከያዘ ያዘ ነው። የጉበት ሕዋስ ጉበት ሆኖ ይሞታል። ኒውቷ ውስጥ ግን ሙያ የያዘ፣ የበሰለ ሕዋስ ሙያውን ረስቶ ሌላ ይማራል። ለዚህ ቀን ተብሎ የተቀመጠ መለዋወጫ ሕዋስ አይደለም የሚሠራው። ባለበት ሥራ ላይ የነበረው ነው።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ይህን የሚችለው የአይሪሱ የላይኛው ጠርዝ ብቻ ነው። የታችኛው ጠርዝ አንድ ዓይነት ሕዋስ፣ አንድ ዓይነት ቀለም አለው፤ ግን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስንት ጊዜ ትችላለች?

ጃፓናዊው ጎሮ ኤጉቺና ባልደረቦቹ ለዚህ ጥያቄ 16 ዓመት ሰጡ። የኒውቶቹን ሌንስ አወጡ፤ አደገ። እንደገና አወጡ፤ እንደገና አደገ። ይህን 18 ጊዜ ደጋገሙት። በ2011 ፓናዮቲስ ጾኒስ ከተባለ ሌላ ተመራማሪ ጋር ሆነው ውጤቱን ሲያወጡ ኒውቶቹ ዕድሜያቸው 30 ዓመት ገደማ ደርሶ ነበር። ለኒውት ይህ የእርጅና ዕድሜ ነው። በመጨረሻ የበቀለው ሌንስ ግን ምንም ካልተነካ ሌንስ የሚለይ አልሆነም። አልደፈረሰም፣ አልተጣመመም።

እኛ እርጅና የቁስልን መዳን እንደሚያዘገይ ለምደናል። ለዚህች እንስሳ ሌንስ ግን እርጅናም ድግግሞሽም ምንም አላለውም።

ሬቲናስ?

ሬቲና ከሌንስ እጅግ የረቀቀ ነው። ብርሃን የሚቀበሉ፣ መልእክት የሚያቀባብሉ፣ ወደ አንጎል የሚልኩ ብዙ ዓይነት ሕዋሳት ተደራርበው የተሠሩበት ነው። ኒውቷ እሱንም ትመልሳለች።

እዚህም የሙያ ለውጡ ያው ነው። ከሬቲናው ኋላ ያሉትን ባለጥቁር ቀለም ሕዋሳት አስታውሱ። ሬቲናው ሲነሳ እነሱ ከቦታቸው ይላቀቃሉ፣ ይባዛሉ፣ ሁለት ንጣፍ ይሆናሉ። አንደኛው ንጣፍ ቀለሙን እንደያዘ የቀድሞ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለተኛው ቀለሙን ጥሎ ሬቲና ይሆናል። ከዳር ያሉ ሕዋሳትም ትንሽ ያግዛሉ። ሠራተኛው ቤቱን ሠርቶ ራሱም እንደገና ይቀጠራል እንደ ማለት ነው።

ገመዱ ቢቆረጥስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ታሪኩ ያምራል።

ነርቩ ሲቆረጥ ከሬቲናው የሚነሱት ክሮች እንደገና ያድጋሉ፤ ወደ አንጎልም ይደርሳሉ። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ክሮቹ ብዙ ሺህ ናቸው። አንዱ ከዓይኑ ላይኛ ክፍል የመጣ ነው፣ ሌላው ከታችኛው። የሰፈር መብራት ሠራተኛ ብዙ ሺህ ሽቦ በአንድ ጊዜ ቢቆረጥበት የትኛው የማን ቤት እንደሆነ በምን ያውቃል?

በ1940ዎቹ ሮጀር ስፔሪ የተባለ አሜሪካዊ ይህን ለማየት ጨካኝ የሚመስል ሙከራ አደረገ። የኒውትና የእንቁራሪት የዓይን ነርቭ ቆረጠ። ዓይኑንም እዚያው ቦታው ላይ እንዳለ ገለበጠው፤ የላዩ ወደ ታች፣ የታቹ ወደ ላይ ሆነ። ነርቩ አድጎ ሲገናኝ እንስሳቱ ማየት ጀመሩ። ያዩት ግን የተገለበጠ ዓለም ነበር። ምግቡ ከላይ ሲሆን ወደ ታች ይወረወራሉ፤ ከታች ሲሆን ወደ ላይ። ጊዜ ቢሰጣቸውም አልታረሙም።

ስፔሪ ከዚህ የተረዳው ክሮቹ የሚገናኙት በልምምድ እንዳልሆነ ነው። እያንዳንዱ ክር የራሱ አድራሻ አለው። አድራሻውም በኬሚካል የተጻፈ ነው። ዓይኑ ቢገለበጥም ባይገለበጥም ክሩ የሚሄደው ወደ ድሮ ቤቱ ነው። ስፔሪ በኋላ በ1981 ኖቤል የተሸለመው በሌላ ሥራው፣ በሰው አንጎል ሁለት ግማሾች ላይ ባደረገው ምርምር ነው። እኔ ግን የእንቁራሪቶቹ ሙከራ ይበልጥብኛል።

አምፊቢያን ሁሉ እንዲህ ናቸው?

አይደሉም። ቪዲዮዎቹ የሚያሳስቱት እዚህ ላይ ነው።

አክሶሎትልን እንውሰድ፤ የሜክሲኮዋ ሳላማንደር ናት። እግሯ ቢቆረጥ ታበቅላለች፣ ጅራቷን ትመልሳለች። ስለዚህ ሰው ሁሉን የምትችል ይመስለዋል። ሌንስ ላይ ግን ዕድሏ ጠባብ ነው። ከእንቁላል ከወጣች በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው የምትችለው። ከዚያ በኋላ የወጣ ሌንስ አይመለስም።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትታወቀው የደቡብ አፍሪካዋ ጥፍራም እንቁራሪት ደግሞ ሌላ መንገድ አላት። ዘመዶቿ እኛም አገር አሉ። ገና እግር ሳታወጣ፣ ባለጅራት ሆና ውሃ ውስጥ ስትዋኝ ሌንሷ ቢወጣ ከኮርኒያዋ ሕዋሳት አዲስ ትሠራለች። ከአይሪሷ አይደለም። አድጋ እንቁራሪት ስትሆን ይህ ችሎታዋ ይጠፋል። ይሁንና ካደገችም በኋላ ሬቲናዋን ከጥቁሮቹ ሕዋሳት መመለስ እንደምትችል የጃፓን ተመራማሪዎች በ2007 አሳይተዋል። የዓይን ነርቭዋም እንደገና ያድጋል።

አንዷ ከአይሪስ፣ አንዷ ከኮርኒያ፣ አንዷ ለሁለት ሳምንት ብቻ። ወጥ ሕግ የለውም።

እኛስ ለምን አንችልም?

የሚያበሳጨው ነገር ሕዋሳቱ እኛም ዘንድ መኖራቸው ነው።

ከሬቲናችን ኋላ ያው ጥቁር ሕዋስ ተሰልፏል። ሰው ሬቲናው ሲላቀቅ እነዚህ ሕዋሳት አንዳንዴ እንደ ኒውቷ ከቦታቸው ይነሳሉ፣ ይባዛሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ። እስከዚህ ድረስ መንገዱ አንድ ነው። ከዚያ ግን ሬቲና በመሥራት ፈንታ ጠባሳ ይሠራሉ። ጠባሳው ይኮማተርና የተረፈውን ሬቲና ይጎትተዋል። የዓይን ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከሚፈሯቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የኒውቷ አዳኝ እኛ ጋ አፍራሽ ሆነ።

የሌንሳችንም ነገር ተመሳሳይ ነው። ሞራ ሲወጣ ሌንሱን የያዘው ስስ ከረጢት ይቀራል፤ አዲሱ ፕላስቲክ ሌንስ የሚቀመጠውም እዚያ ውስጥ ነው። በከረጢቱ ላይ የተረፉ ጥቂት የሌንስ ሕዋሳት አርፈው አይቀመጡም፤ ያድጋሉ። ግን ሥርዓት የላቸውም። ሌንስ ሳይሆን ጭጋግ ይሠራሉ።

የዓይን ነርቫችን ደግሞ ከተቆረጠ አያድግም። ክሮቹ የሚነሱባቸው ሕዋሳት ራሳቸው ይሞታሉ፤ መንገዱም በጠባሳና እድገት በሚከለክሉ ነገሮች ይዘጋል። በደንብ ራሱን የሚያድስልን የኮርኒያው የላይኛ ሽፋን ነው። ጥፍር ቢቧጭረው በጥቂት ቀን ይድናል፤ ከዳር ያሉ ምንጭ ሕዋሳት ይተኩታል። ጠልቆ ከተጎዳ ግን እሱም ጠባሳ ይሆናል። ትራኮማ ዓይን የሚያጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ኮርኒያውን ቀን ከሌት ሲቧጥጠው ይነጣል።

ኒውቷን ከእኛ የሚለያት አንድ ተአምረኛ ሕዋስ ሳይሆን ለጉዳት የምትሰጠው ምላሽ ነው። እኛ ቁስልን ቶሎ እንደፍናለን። እሷ ትገነባለች።

ይህ ችሎታ ተቆልፎ ከሆነ ሊከፈት ይችላል?

አሁን ወደ አይሪሱ የታችኛ ጠርዝ እንመለስ። በ2005 ተመራማሪዎች በዚያ ጠርዝ ሕዋሳት ውስጥ የሚተላለፍ አንድ የኬሚካል መልእክት አገዱ። ሰነፉ ጠርዝ ሌንስ ሠራ። ችሎታው ቀድሞም ነበረው ማለት ነው፤ ተቆልፎበት እንጂ። አንድ ዓይን ውስጥ፣ የሚችልና የማይችል ሕዋስ ጎን ለጎን ማግኘት ለተመራማሪ ትልቅ ዕድል ነው። ልዩነቱን ፈልጎ ማግኘት ይቀላል።

የእኛ ቁልፍስ? በ2017 በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአዋቂ አይጥ ሬቲና ውስጥ ያሉ ደጋፊ ሕዋሳትን አንድ ጂን በማብራትና በአንድ መድኃኒት በማገዝ ወደ ነርቭ ሕዋስ ለወጧቸው። አዲሶቹ ሕዋሳት ከነባሮቹ ጋር ተገናኝተው ለብርሃን ምላሽ ሰጡ። ያ አይጥ ነው፤ ሰው አይደለም።

በሰው ላይ ደግሞ በ2016 ከቻይና የወጣ ሥራ አለ። ሞራ ይዘው ከተወለዱ፣ ሁለት ዓመት ካልሞላቸው 12 ሕፃናት ሌንሱን በጣም ጠባብ ቀዳዳ አበጅተው አወጡላቸው። ከረጢቱንና በላዩ ያሉትን የሌንስ ሕዋሳት ሳይነኩ ተዉላቸው። በወራት ውስጥ ሕፃናቱ አዲስ ሌንስ አበቀሉ። ይህ ከኒውቷ ይለያል፤ ሙያ የለወጠ ሕዋስ የለም። የሌንስ ሕዋስ ሌንስ ሠራ። ሕፃን መሆናቸውም ረድቷቸዋል፤ የ70 ዓመት ሰው ሕዋስ እንዲህ አይቀናውም።

ስለዚህ ለአስተያየት ጸሐፊዎቹ መልሱ አጭር ነው። ዓይን የሚያበቅል ጠብታ፣ ክኒን፣ ቅጠል የለም። የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ገንዘባችሁን ነው የሚፈልገው። በ2006 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ የመጣ ነበር። ሞራ ደግሞ ዛሬ፣ ኒውትን ሳይጠብቁ፣ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነው።

ለአክስቴ ይህን ሁሉ ሳወራላት ቡናዋን እየጠጣች ጸጥ ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣ የኔው ፕላስቲክ ያልቃል እንዴ?»

አያልቅም። ዕድሜ ልኳን አብሯት ይኖራል። ከዓመታት በኋላ ጭጋግ መስሎ ቢታያት ሌንሱ አልደፈረሰም፤ ከረጢቱ ላይ የተረፉት የራሷ ሕዋሳት ናቸው ሌንስ ለመሥራት ሲሞክሩ ያበላሹት። በሌዘር በጥቂት ደቂቃ ይከፈትላታል። «እንግዲያ እኔም ትንሽ ትንሽ አበቅላለሁ በለኛ!» አለችና ስኒዋን ለሁለተኛ ቡና አቀበለችኝ።